የክር ሹሩባ

አንገቴ ላይ ያለችውን እብጠት መጀመሪያ ያገኘችው እህቴ የሺ ናት። የጥምቀት ሰሞን ነበር። እኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ እሷ ደግሞ በዳባት ከተማ ሹሩባ በመሥራት ስሟ የተጠራ ልጃገረድ። ጉልበቷ መካከል አስቀምጣኝ ከግራ ጆሮዬ ጀርባ ወደ ታች ስትጎነጉን ጣቷ ድንገት ቆመ።

«ማስተዋል፣ ይቺ ምንድን ናት?»

«ምኗ?»

«ይቺ። ሽምብራ የምታክል።»

ነካኋት። አታምም። ቆዳዬ ሥር ሙልጭልጭ ትላለች። «ጉንፋን ይዞኝ የለ፣ እሱ ነው» አልኳትና ቶሎ እንድትጨርስልኝ ለመንኳት። ታቦት ሲወጣ ጸጉሬ ግማሽ ሆኖ እንዳይገኝ ነበር የኔ ጭንቀት። ተሠርቼ፣ አምሮብኝ ወጣሁ፤ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ዘፈንኩ። ያቺ ሽምብራ ግን ለፋሲካ ባቄላ አከለች። ክረምት ሲገባ አጠገቧ ሌሎች ሁለት በቅለዋል።

ይህንን የምጽፈው፣ እንዲህ ያለች የማታምም እብጠት በራሳችሁ ወይም በልጃችሁ አንገት ላይ ያገኛችሁ ሰዎች እኔ ከዞርኩት ዙሪያ ጥምጥም መንገድ እንድትድኑ ብዬ ነው። ደግሞም ማውራቱ ደስ ስለሚለኝ ነው። ስለ ካንሰር የሚያወራ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ የኔ ታሪክ ግን ግማሹ ሳቅ ነው። ምን ላድርግ?

አባቴ የዜማ መምህር ናቸው፤ የዳባት ሰው «የኔታ» ነው የሚላቸው። እናቴ ገበያ ውስጥ ክር ትሸጣለች፦ ድርና ማግ፣ የጥልፍ ክር፣ የሱፍ ክር። ከሁለቱም በኩል ቤተሰባችን ሐኪም ዘንድ የመሮጥ ልማድ የለውም። ወደ መጀመሪያው ክሊኒክ የሄድነው እብጠቷ ባቄላ ካከለች በኋላ ነው። «ቶንሲል ነው» ተባልን፤ ካፕሱል ተሰጠኝ። ካፕሱሉ አለቀ፣ እብጠቱ አላለቀም። ሌላ ክሊኒክ ሄድን። እዚያ ያየኝ ሰው እናቴን አይቶ፣ አንገቴን አይቶ፣ «የደጋ ሰው አይደላችሁ? እንቅርት ነው፤ አዮዲን ያለው ጨው ብሉ» አለ። እናቴ ያን ዕለት የቤቱን ጨው በሙሉ ለጎረቤት በግ ሰጥታ አዲስ ጨው ገዛች። በጉ ወፈረ። እኔ ከሳሁ።

መክሳት ብቻ አይደለም። ሌሊት ሌሊት በላብ እጠመቃለሁ፤ አንሶላው የሚጨመቅ ይሆናል። ቅልጥሜን ያሳክከኛል፤ ቆዳዬ ላይ ምንም ሳይኖር ደም እስኪወጣ እፎክታለሁ። የዩኒፎርም ጉርዴ በመርፌ ቁልፍ ካልተያዘ አይቆምም። ሦስተኛው ቦታ «የእጢ ቲቢ ነው» አሉኝ። ይህኛው ምክንያት ያለው ግምት ነበር፤ በኋላ ጎንደር ያከመችኝ ሐኪም እንደነገረችኝ ሁለቱ በሽታዎች እንደ መንታ ይመሳሰላሉ፣ የተማረውንም ያሳስታሉ። ለወራት የቲቢ መድኃኒት ዋጥኩ። ሽንቴ እንደ ሚሪንዳ ብርቱካን ሆነ፤ እብጠቱ ግን እንደ ባለርስት ተደላድሎ ተቀመጠ። በመጨረሻ መድኃኒቱን ይከታተል የነበረው ባለሙያ አንገቴን ለክቶ ራሱን ነቀነቀ።

«እስካሁን ማነስ ነበረበት። የኔታ፣ ጎንደር ይውሰዷት። ናሙና ይወሰድላት።»

ናሙና ማለት ከእጢው ላይ ቁራጭ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ይህን ቃል የሰማች ቀን አክስቴ ዘውዴ ቤታችንን በአንድ እግሩ አቆመችው።

አክስቴ ዘውዴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ድምፅዋ ከገበያ ማዶ ይሰማል። በዚያ ዓመት ባሏ ሞቶባት ጸጉሯን ተላጭታ፣ ጥቁር ለብሳ ነበር፤ ባሏ የሞተው ደግሞ ሆስፒታል ተኝቶ ነው። ስለዚህ ለእሷ ሆስፒታል ማለት ያ ብቻ ነው።

«ስለት የነካው እጢ ይባዛል!» አለች። «ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እናንተ እንዴት አታውቁም? ጠበል ትግባ። እዚያው ትክረም።»

እናቴ አለቀሰች። የሺ ጮኸች። እኔ ከበሩ ጀርባ ቆሜ እፎክታለሁ። አባቴ ሁሉም እስኪደክማቸው ጠበቁና እንዲህ አሉ፦ «ዘውዴ፣ ጠበሉን የባረከ አምላክ ሐኪሙን ሳይባርከው አልቀረም። ልጅቱ ጠዋት ትጠመቃለች፤ ከዚያ ጎንደር ትሄዳለች። ሁለቱንም ነው።»

አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ቤት አልመጣችም።

ጎንደር ሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ብዙ ዘመድ ያፈራል። ወረፋ እስኪደርስ ከአርማጭሆ የመጣው ዳቦውን ይቆርሳል፣ ከደረስጌ የመጣችው ጠጅ ሳር የነከረችበትን ውሃ ታሸትታለች፣ የማታውቁት ሰው ልጁን አስይዟችሁ መድኃኒት ሊገዛ ይሄዳል። ፍርሃትም አለ፤ ስም ሲጠራ ሁሉም ቀና ይላል፣ ያልተጠራው እፎይ ይላል፣ ወዲያው ደግሞ ባለመጠራቱ ይበሳጫል። ውጤቴን ስንጠብቅ አባቴ በከንፈራቸው ብቻ ያዜሙ ነበር። ሳይፈሩ አልቀሩም፤ ሲፈሩ ነው እንደዚያ የሚያደርጉት።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምታወራ። «ሆጅኪን ሊምፎማ ይባላል» አለች። «በሰውነታችን በሽታ የሚከላከሉ ትንንሽ እጢዎች አሉ፤ የነሱ ካንሰር ነው።»

ካንሰር የምትለዋን ቃል ስሰማ የአባቴን ጋቢ ጨበጥኩ። አባቴ ግን ወደፊት ጎንበስ ብለው ጠየቁ።

«ይድናል?»

«ከሚድኑት አንዱ ነው፣ የኔታ። ግን ኬሞውን ማቋረጥ የለም። ሰው ሲሻለው ዳንኩ ይልና ይቀራል፤ ሲታመም ደግሞ ገደለኝ ይልና ይቀራል። ሁለቱም አይሆንም።»

አባቴ ሳቅ አሉ። «እኔ ይህን ቃል ስናገር ነው ያረጀሁት። ዜማም መሐል ላይ ያቋረጠው ሰው ሲመለስ ከሀሁ ነው የሚጀምር። አናቋርጥም።»

ኬሞ ማለት በደም ሥር የሚገባ ኃይለኛ መድኃኒት ነው። ካንሰሩን ሲያሳድድ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ይገፈትራል፦ ጨጓራን፣ ምላስን፣ ጸጉርን። ስለ ማስመለሱ ብዙ አላወራም፤ የዳባት ሚኒባስ ረዳቶች ግን አይረሱኝም። መናኸሪያ ስደርስ «ጋቢናውን ለማስተዋል!» ብለው ይጮሃሉ፤ መስኮት አጠገብ ያስቀምጡኛል፤ ፌስታል ያቀብሉኛል። አንዱ ሹፌር አምባ ጊዮርጊስ ላይ መኪናውን አቁሞ እስክጨርስ ጠብቆኝ፣ ተሳፋሪ ሲያጉረመርም «እናንተ አርፍዳችሁ ትሞታላችሁ? እሷ እየተዋጋች ነው!» አለልኝ። ያቺ ቃል ከብዙ መድኃኒት በላይ አበረታችኝ። ሌሊት ሲሆን ግን፣ ሁሉም ሲተኛ፣ ያ የሹፌር ቃል ይጠፋኛል። እሞታለሁ ብዬ ሳይሆን እናቴ ስታለቅስ ማን ዝም ያሰኛታል እያልኩ ነበር የምፈራው። እንዲህ ያለውን ፍርሃት ለሰው ንገሩት። እኔ አንድ ቀን ለየሺ ነገርኳት፤ ከዚያ በኋላ አልጋዬ ላይ አብራኝ መተኛት ጀመረች። እግሯ ቀዝቃዛ ነው፤ ቢሆንም ተሻለኝ።

ጸጉሬ የረገፈው በሁዳዴ ነው። በዚያው ጊዜ የየሺ ሠርግ ቀርቦ ነበር። የሙሽራው ቤተሰቦች ደባርቆች ናቸው፤ ደኅና ሰዎች። ግን ወሬው ሲደርሳቸው ሽማግሌ ላኩ። «የልጅቱ በሽታ በዘር ነው ወይ?» ብለው ጠየቁ። የሺ ከጓዳ ወጥታ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች።

«በዘር አይደለም። ቢሆንም ግን እህቴ ናት። የሚመጣ ይምጣ፣ የሚቀር ይቅር።»

ሙሽራው መጣ። እናቱ ግን ከዚያ በኋላ ሰላም ሲሉን እጅ ከመጨበጥ አልፈው አይስሙንም ነበር።

ሐኪሟ ደሜን አይታ ወደ ሠርጉ እንድሄድ ፈቀደችልኝ። «ጥሬ ሥጋ እንዳትነኪ፣ የተጨናነቀ ቦታ ብዙ እንዳትቆዪ፣ ሌላውን ተደሰቺ» አለችኝ። እኔ ግን አልሄድም አልኩ። በዚያ አገር የሙሽራ እህት ሹሩባዋን አስረዝማ፣ አንገቷን አንቀጥቅጣ ካልጨፈረች ሠርጉ ሠርግ አይደለም። እኔ ደግሞ እንደ እንቁላል ሆኛለሁ።

የሺ ከእናቴ ሱቅ ጥቁር የሱፍ ክር አንስታ መጣች። ነገ የምትሞሸር ልጅ እጇን ሂና መቀባት ሲገባት ሚዜዎቿን ሰብስባ ክር መጎንጎን ጀመረች። ቀጫጭን ሹሩባ፣ ልክ እንደ እውነተኛው፣ ከፊት ጠበቅ ከኋላ ፈሰስ ያለ። ጫፉን በጥለት ሻሽ ላይ ሰፋችው፤ ስፌቱ እንዳይታይ በላዩ ላይ ጨሌ ደረደረችበት። ራሴ ላይ ስታስረው መስታወት ያዘችልኝ። ለረጅም ጊዜ ያላየኋት ልጅ መስታወቱ ውስጥ ነበረች።

ዳሱ ሞልቷል። አክስቴ ዘውዴ ለወንድሟ ክብር ብላ መጥታ ጥግ ላይ በጥቁር ልብሷ ተቀምጣለች፤ እህል አልቀመሰችም። አዝማሪው ማሲንቆውን ሲያከር እኔ መቆም አልቻልኩም። ገባሁ። መጀመሪያ ትከሻ፣ ከዚያ አንገት። ሰው አጨበጨበ፤ እኔም በሽተኛ መሆኔን ረሳሁ። አንገቴን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሳደርግ ሹሩባው እንዳለ ከራሴ ላይ በረረና ሄዶ የሙሽራው እናት እግር ሥር ወደቀ።

ማሲንቆው ቆመ። የሁሉም ዓይን ራሴ ላይ ነው። አንዲት ሴትዮ «በስመ አብ!» ስትል ሰማሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከጥጉ አንድ ሰው ተነሣ። አክስቴ ዘውዴ ናት። ወደ መሐል መጣች፤ ጎንበስ ብላ ሹሩባውን አነሣች፤ አቧራውን አራገፈች። ከዚያ ጥቁር ሻሿን ፈታች። የተላጨው ራሷ ላይ ሽበት ብቅ ብቅ ብሏል። የክሩን ሹሩባ ራሷ ላይ ጥብቅ አድርጋ አሰረችና ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ፊቴ ቆመች።

«ምን ያስቆምሻል? ነይ! ራሰ በራ ከራሰ በራ ጋር ይጨፍር!»

አዝማሪው እስኪረዳው ጥቂት ፈጀበት። ሲረዳው ግን ማሲንቆውን እንደዚያ ቀን ደግሞ የመታው አይመስለኝም። አክስቴ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ያልነቃነቀችውን ትከሻ ለቀቀችው። ትጨፍራለች፣ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፤ እኔም እንደዚያው። መጀመሪያ እልል ያሉት የሙሽራው እናት ናቸው። ዘፈኑ ሲያበቃ መጥተው ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ፤ ከዚያ አክስቴን ወደ ጎን ስበው «ለእኔም አንድ ሥሩልኝ፤ ከፊት ጸጉሬ ሳስቷል» አሏት። የመጀመሪያዋ ደንበኛችን እሳቸው ናቸው።

በማግስቱ ለቀጣዩ ኬሞ ስዘጋጅ አክስቴ ስንቅ ቋጥራ በር ላይ ቆማለች። «ያቺን ሐኪም በዓይኔ ልያት» አለች። አየቻት። ከዚያ በኋላ እስክጨርስ ድረስ አንድም ዙር ሳትቀር አብራኝ ተመላለሰች።

ሆስፒታል ውስጥ የክር ሹሩባዬን አድርጌ ስገባ ከሁሉ በፊት የተጠጋችኝ ብርቄ ናት። የደም ካንሰር የያዛት፣ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ፣ ዝም ማለት የማትችል ትንሽ ልጅ።

«ለኔስ?»

«እሠራልሻለሁ። ክር ይዣለሁ።»

«ጥቁር አልፈልግም። ቀይ!»

«ቀይ ጸጉር ያለው ሰው የት አየሽ?»

«ጭላዳ ዝንጀሮ ደረቱ ቀይ አይደል? ጭላዳ ከቻለ እኔስ?»

ጉሉኮስ በግራ እጄ እየገባ፣ አክስቴ ክሩን ይዛልኝ፣ በቀኝ እጄ እየጎነጎንኩ ቀይ ሹሩባ ሠራንላት። በሳምንቱ ክፍሉ ውስጥ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ሹሩባ ነበር። ወንዶቹ «እኛስ?» ሲሉ አክስቴ ከስሜን በግ ጸጉር የተፈተለ ክር አስመጥታ ቆብ ሠራችላቸው። እናቶች የልጃቸውን ወረፋ እየጠበቁ የጆሮ ጌጥና አምባር መሥራት ለመዱ። ከዚያ ክፍል ሁሉም ወደ ቤቱ አልተመለሰም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ውሸት ይሆናል። ሰማያዊ ቆቡን አድርጎ የተቀበረ ልጅ አለ። እናቱ አሁንም ክር ትፈትልልናለች።

ለእኔ የመጨረሻው ምርመራ መልካም ሆነ። ሐኪሟ ፊልሙን ወደ ብርሃን ይዛ ብዙ አየችው፤ ከዚያ ወደ እናቴ ዞራ «ጠፍቷል» አለቻት። እናቴ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ እልልታዋን አቀለጠችው። ጥበቃው እየሮጠ መጣ።

«እናት፣ እዚህ እኮ ሆስፒታል ነው!»

«ሆስፒታል መሆኑንማ ከኛ በላይ ማን ያውቃል፣ ልጄ?» አለችውና ደገመችው። ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች የምን እልልታ እንደሆነ ሳይጠይቁ ተቀበሏት።

ከዚያ ክትትል ቀጠለ፣ ጸጉሬም ተመለሰ፤ እኔም ትምህርቴን ጨረስኩ። የሺ ባሏን ተከትላ ደባርቅ ስለገባች ሱቁን እዚያ ከፈትነው፤ እንግዶች ወደ ስሜን ፓርክ ከሚወጡበት መንገድ ዳር። ፈቃድ ልናወጣ ስንሄድ የቢሮው ሰው ግራ ገባው። «ነጋዴ ናችሁ ወይስ በጎ አድራጊ?» አለን። እኔ «ማኅበራዊ ኢንተርፕራይዝ ነው» ብዬ ላብራራ ስጀምር አክስቴ አቋረጠችኝ። «ሻይ ውሃ ነው ወይስ ስኳር? ሁለቱም አይደል? ጻፍ በቃ።»

ሥራው ቀላል ነው። የክር ሹሩባ፣ የጸጉር ጌጥ፣ የጨሌ ጉትቻ፣ አምባር፣ ማተብ፣ የሱፍ ቆብ እንሸጣለን። ሙሽሮች ይገዛሉ፣ ተመራቂዎች ይገዛሉ፣ ተራራ የሚወጡ እንግዶች ይገዛሉ። ከትርፉ ጎንደር ሆስፒታሉ አጠገብ ቤት ተከራይተናል፤ ከገጠር ለካንሰር ሕክምና የሚመጣ ልጅና አስታማሚው በነጻ ያድሩበታል፤ የመኪናና የምግብም እንሰጣለን። የኛን አገር ልጅ ሕክምና የሚያስቋርጠው ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ አይደለም፤ ማደሪያ ማጣት፣ መንገድ መዘጋት፣ የእርሻ ሥራ መድረስ ነው። ታመው የማያውቁ ሰዎች ይህን ስነግራቸው ይገረማሉ።

አቶ ደሴን ያገኘናቸው ደባርቅን ጉም በሸፈነበት አንድ ከሰዓት ነው። ወደ መካነ ብርሃን የሚሄድ አይሱዙ እየጠበቁ የሱቃችን ደረጃ ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው ነጠላ የተከናነበች የስድስት ዓመት ያህል ልጅ አለች። ልጅቱ አንገቷን አስግጋ የተሰቀለውን ሹሩባ ታያለች። እጇ ላይ የጉሉኮስ ፕላስተር አየሁ።

«ከጎንደር ነው የምትመጡ?» አልኳቸው።

«አዎን፣ ከጎንደር። ወደ አገራችን ልንገባ ነው።»

«ሕክምናዋን ጨረሰች?»

«እኛ ጨረስነ» አሉ፣ ዓይኔን ሳያዩ።

ቀስ እያልኩ ነገሩን ከአፋቸው አወጣሁ። ንግሥት ኩላሊቷ ላይ እጢ ተገኝቶባታል፤ ኬሞ ተጀምሯል፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት ሌላ ዙር ቀርቷታል። «በሆዷ ታማ ገባች፤ እነሱ ጸጉሯን አረገፉት» አሉ። «እህል አስጠሏት። የምትሞት ከሆነ እናቷ ጉያ ትሙት። ገብሴም ደርሶ ሊረግፍ ነው፤ ሚስቴ ብቻዋን ናት።»

«ጸጉሩ ይመለሳል፣ ጋሼ ደሴ። እኔም እንደሷ ነበርኩ። ይኸው» ብዬ ሹሩባዬን አሳየኋቸው።

አዩኝ፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አዩ፤ እንደገና እኔን አዩ። «ይህማ ከክር ነው» አሉ። «ስትሸጡት እያየሁ?»

አክስቴ ከውስጥ ሳቋን ለቀቀችው። እኔ ንግሥት ፊት ተንበረከክሁ። «ነይ ጎትቺው» አልኳት። አባቷን አየች። «ጎትቺው እኮ!» ስላት በሁለት እጇ ይዛ፣ እግሯን አንፈራጥጣ፣ ባላት ኃይል ሳበችኝ።

«ውይ! ውይ ወገኔ!»

«አባየ፣ የራሷ ነው!» ብላ ጮኸች፤ ከዚያ ፍርስ ብላ ሳቀች። እንደገና ልትጎትት ስትመጣ ሸሸሁ። አቶ ደሴ ልጃቸው ስትስቅ አዩ። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ።

አክስቴ ወጥታ አጠገባቸው ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «ስማኝ ወንድሜ» አለች። «እኔ ይቺን ልጅ ሆስፒታል አታስገቧት ብዬ ወንድሜን ያኮረፍኩ ሰው ነኝ። ቢሰሙኝ ኖሮ ዛሬ ማን ይጎተት ነበር? አንተ የምትፈራውን እኔ ፈርቼዋለሁ። ማደሪያ አለን፤ ምግብ አለን። ምን ቀረ?»

«ገብሱ» አሉ።

«የደብራችሁ ቄስ ማነው?»

የቄሱን ስም ሲናገሩ አክስቴ እጇን አጨበጨበች፤ አባቴ ዘንድ ዜማ የተማሩ ሰው ናቸው። ስልክ ተደወለ። አባቴ ከዳባት፣ ቄሱ ከመካነ ብርሃን፣ እኛ ከደባርቅ፤ ኔትወርኩ እየተቆረጠ እየተቀጠለ ነገሩ አለቀ። በሚቀጥለው እሑድ ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ተናገሩ፤ ሰው ደቦ ወጣ፤ ገብሱ አንድ ዘለላ ሳይረግፍ ታጨደ፣ ተከመረ። አቶ ደሴ ግን ያን ዕለት ይህን ሁሉ አላወቁም። አይሱዙው መጥቶ ጥሩምባውን ሲያሰማ ተነሡ፣ ወደ መኪናው ሄዱ፣ ስልቻቸውን ጭነው እንደገና አወረዱና ተመለሱ። «ነገ ወደ ጎንደር የሚሄደው በስንት ሰዓት ነው?» አሉ። ንግሥት ከግድግዳው ላይ ቢጫውን መርጣ ነበር።

ቀዶ ጥገናው ተሠራ፤ ቀሪው ኬሞ ተሰጠ። ከባድ ቀኖች ነበሩ፤ አቶ ደሴ ሁለት ጊዜ ስልቻቸውን ቋጥረው ሁለቱንም ጊዜ ፈቱት። ዛሬ ንግሥት ለምርመራ ብቻ ነው የምትመጣው። ብርቄም ሰባተኛ ክፍል ደርሳለች፤ አሁንም ዝም አትልም።

ለሚያነብብኝ ሰው የምለው ይህ ነው። የማታምም እብጠት አታምም ተብላ አትናቅም። በተሰጣችሁ መድኃኒት ካልቀነሰ ተመለሱና «ናሙና ይወሰድልኝ» ብላችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ጠበላችሁን ተጠመቁ፣ መድኃኒታችሁን አታቋርጡ። ጸጉር ይበቅላል። እስኪበቅል ደግሞ እኛ አለን።

ባለፈው ሰሞን ሱቁ በገዢ ተሞልቶ ሳለ ስልኬ ጮኸ። አቶ ደሴ ናቸው። እሳቸው መንደር ኔትወርክ የለም፤ ለመደወል ትልቅ አቀበት መውጣት አለባቸው። ለሰላምታ ብቻ ብሎ ያን አቀበት የሚወጣ ሰው ስለሌለ ክፉ ወሬ መሰለኝ።

«ሃሎ! ማስተዋል!» ነፋሱ ድምፃቸውን ይወስደዋል።

«አቤት ጋሼ ደሴ! ንግሥት ደኅና ናት?»

«ንግሥትማ… ታች!»

«አልሰማሁም! ምን ሆነች?»

«መታች!»

«ተመታች? ማን መታት?»

አክስቴ ከእጇ ላይ ክሩን አስቀመጠች።

«ኧረ እሷ ናት የመታች! የጎረቤታችንን ልጅ! በዕድሜ የሚበልጣትን! እርሳሴን ወሰደ ብላ መሬት ላይ ጥላ፣ ላዩ ላይ ወጥታ! አስተማሪው ወላጅ አምጪ ብሎ አባሯት፣ ይኸው ለክሱ እየሄድኩ ነው!»

ለክስ ተጠርቶ እንደዚያ የሚስቅ ሰው በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ይስቃሉ። እኔም ጠረጴዛውን ይዤ ሳቅሁ፤ የሺ ሳቀች፤ ነገሩ ያልገባቸው ገዢዎችም ሳቁ። አክስቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ደሴ! አስተማሪው ፊት እንዳትስቅ! ኮስተር በል! ትንሽ ተቆጣት!»

«አልችልም፣ እትዬ ዘውዴ!» ሲሉ ከተራራው ላይ ተሰማ። «አልችልም!»